ጥቁሩ ንስርና አባባ ደምሴ

ባለፈው እሁድ እዚሁ ሞላሌ ጎረቤታችን ቤት ክርስትና ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ማዕዱ ሞልቷል፤ እኔ ግን የታየኝ ከጥግ የተቀመጠው የሰላጣ ሳህን ብቻ ነው። የቤቱ ልጅ ጠርሙስ ዘቅዝቃ አቼቶ ስታፈስበት ሽታው አፍንጫዬን መታኝና ሳላስበው ብድግ አልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ "ምነው አስካለ፣ አመመሽ እንዴ?" ብለው ክንዴን ያዙኝ። ምን ልበላቸው? ምንም አላመመኝም። የታየኝ ንስር ነው። ክንፉን ዘርግቶ፣ ጀርባው ላይ ያለው ነጭ ምልክት ቦግ ብሎ፣ በቀይ መብራት ሥር ከሳህን ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ ታየኝ። ይሄ ሽሮ መፍጨት እንኳ የሚያደክመው ልቤ የሃያ አራት ዓመት ሴት ልብ ሆኖ ዘለለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን ፎቶ የሚታጠበው በጨለማ ክፍል ውስጥ በሦስት ሳህን ነው። በመጀመሪያው ሥዕሉ ይወጣል፣ በመካከለኛው መውጣቱን ያቆማል፣ በመጨረሻው ይጸናል። ለመካከለኛው ሳህን የሚሆነው መድኃኒት ከአዲስ አበባ ሲጠፋ ባለቤቴ ወርቁ አቼቶ በውሃ እየበጠበጠ ይገለገል ነበር። ስለዚህ ሰው አቼቶ ሲሸተው ሰላጣ ይታየዋል፤ እኔ ሙሽሮች፣ ወታደሮች፣ መታወቂያ የሚያወጡ ሽማግሌዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወፎች ይታዩኛል። ልጆቼ ዓመተ ምሕረቱን ንገሪን ይሉኛል። እኔ ዘመኑን የማስታውሰው በዕቃው ነው። የሱሪ እግር የሰፋበት፣ የወንድ ጸጉር የጎፈረበት፣ ኮንጎ ጫማ እንደ ሽንኩርት ጉንጉን በየሱቁ በር ላይ የሚንጠለጠልበት፣ ከወፍጮ ቤቱ ሬዲዮ ዘፈን ሲመጣ የገበያው ሰው ሚዛኑን ይዞ የሚቆምበት ዘመን ነበር።

ፎቶ ቤታችን ከገበያው መግቢያ ላይ ነበር። ዛሬ የሞባይል ካርድ የሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሳላየው አላልፍም። አንዲት ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ላይ ወርቁ ራሱ የሣለው ባሕር አለ። ወርቁ ባሕር አይቶ አያውቅም፤ መርከቡም ከመርከብ ይልቅ የገብስ ክምር ይመስላል። ሰው ግን ይወደው ነበር። ከራቤል ድረስ በእግሩ መጥቶ ባሕሩ ፊት በርኖሱን አስተካክሎ የሚቆም ነበር። ሙሉ ቁመት ሁለት ብር፤ ጉርድ ደግሞ አራቱ በብር ከሃምሳ። ኮት ለሌለው ግራጫ ኮት እናውሳለን፤ በዚያ ዘመን የመታወቂያ ፎቶ የተነሳ የመንዝ ወንድ ሁሉ፣ ወፍራሙም ቀጭኑም፣ አንድ ኮት ለብሶ ነው የተነሳው። ወርቁ ማንሳቱን፣ ማጠቡን፣ ማተሙን አንድ በአንድ አስተማረኝ። መብራት ገና አልገባም፤ ማተሚያውን የምናበራው በመኪና ባትሪ ነበር።

በገበያ ቀን ከአጣዬ ዳገቱን ወጥቶ የሚመጣ ኑሩ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ወዳጅ ነበረን። አንድ ቀን አህዮቹን አስሮ ገባና በሽርጥ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ስንፈታው ክንዴን የሚያህል ጥቁር ቱቦ ነው።

"መሬት ሲለካ የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ዕቃውን ሸጠ" አለ ኑሩ። "እኔ መነጽር መስሎኝ ገዛሁት። ባይበት ባይበት ጭጋግ ነው። የእናንተ ሥራ ዕቃ ነው መሰለኝ።"

ወርቁ አገላበጠው። "ሌንስ ነው" አለ፤ ድምፁ ተለወጠ። "ሩቁን የሚያቀርብ ነው።" ካሜራችንን አምጥቶ ሲያዞረው ብሎን የመሰለው ክሩ ልክ ገጠመ።

"ከጠቀማችሁ ያዙት" አለ ኑሩ። "ልጄ ስትዳር ሠርጓን ታነሱልኛላችሁ።" አነሳንለትም፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው።

ካሜራውን ይዤ በር ላይ ወጣሁ። መጀመሪያ ምንም የለም፤ ዓይኔ ውስጥ ወተት የፈሰሰ ይመስል ነበር። ቀለበቱን ሳዞር በድንገት ከገበያው ማዶ በሽንኩርት ዋጋ የምትከራከር ሴት ጥርሷ መሃል ያለው ክፍተት ፊቴ ላይ መጣ። ጮህኩ! አንገቴን ቀና ሳደርግ ሴትዮዋ እዚያው ሩቅ ናት። ቀጥሎ ወፍጮ ቤቱ ጣራ ላይ የተቀመጠ ቁራ ላይ ዞርኩ። ቁራ ስንት ዘመን አይቻለሁ፤ ከጓሮ ስንት ጊዜ አባርሬዋለሁ። ያን ቀን ግን ምንቃሩ ጫፍ ላይ ነጭ ነጥብ እንዳለች አየሁ፤ ላባው ጥቁር ብቻ ሳይሆን እንደ ሐር ጨርቅ ሲዞር ሰማያዊ እንደሚሆን አየሁ፤ ዓይኑን ሲያርገበግብ አየሁ። ወርቁ "ስጪኝ እንጂ" እያለ ይጎትተኛል። እኔ አልሰማውም። ያን ቀን ተያዝኩ።

ፊልም ግን ውድ ነው። ወርቁ ደግ ሰው ነው፤ በሥራ ግን አይቀልድም። ተስማማንና የደንበኛ ፊልም ሲጠናቀቅ መጨረሻ ላይ የምትተርፈው ሁለትና ሦስት ፎቶ የእኔ ሆነች። ዛሬ ጓሳ የሚመጡት ጎብኚዎች ጣታቸውን ሳያነሱ ካሜራቸውን ተረረረረ ሲያደርጉት እሰማለሁ፤ በአንድ ጠዋት ሺህ ያነሳሉ። እኔ በአንድ ወር ዘጠኝ ካነሳሁ እድለኛ ነኝ፤ ከዘጠኙ ስምንቱ ጭቃ ነው። ወፍ ይሁን ድንጋይ አይለይም። ያ ሌንስ ከባድ ነው፤ እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ሁሉም ነገር ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ ዘዴውን ያገኘሁት ከጓዳዬ ነው። ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ሰፍቼ ገብስ ሞላሁበት፤ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ሌንሱን ሳስተኛው ገብሱ ይዞት ይቀመጣል። ትንፋሼን አውጥቼ፣ ከዚያ ሳላስገባ፣ ቀስ ብዬ መጫን ተማርኩ።

በዚያ ዘመን ረጅም ጥቁር ቱቦ ይዞ ሜዳ ላይ መተኛት ለጤና ጥሩ አልነበረም። አንድ ጠዋት ውሃ ዳር ተኝቼ ይብራ የሚባሉትን የውሃ ወፎች ስጠብቅ ሁለት የታጠቁ ሰዎች ከኋላዬ መጥተው "ተነሽ! ምንድን ነው የያዝሽው?" አሉኝ። ካሜራ ነው ብላቸው "ካሜራ እንዲህ አይረዝምም" አሉ። ፎቶ ቤታችንን ስነግራቸው አንደኛው ግራጫውን ኮት አስታወሰው፤ እሱም ለብሶት ኖሯል! "እንግዲያው አሁን አንሺን" አለ። በዚህ ሌንስ የቅርብ ሰው አይገባም፤ ወደ ኋላ መራቅ አለብኝ። ስርቅ "ወዴት ነው?" እያለ ጠመንጃውን ይዞ ይከተለኛል። "ካልራቅኩ አፍንጫህ ብቻ ነው የሚወጣው" ብለው ቆመ፤ ሁለት እርምጃ ስሄድ እንደገና ይከተለኛል። ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞርነው። በመጨረሻ ጓደኛው ሆዱን ይዞ ሲስቅ ቁጭ አለ፤ ይብራዎቹም ያኔ ሄደዋል።

አሁን ወደ ንስሩ ልምጣ። የወርቁ አባት አባባ ደምሴ የሚኖሩት ጓሳ ዳር ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ በጎቻቸውን እንደ ልጆቻቸው የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ምራት ነኝና ፊታቸው ላይ ቀና ብዬ አላወራም ነበር። ለጥምቀት እሳቸው ዘንድ ስንሄድ ካሜራውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ። ከመሃል ሜዳ ከተማ በኋላ በእግር ነው። ደመናው ከእግራችን በታች፣ ሣሩ እስከ ጉልበት፣ ብርዱ ጆሮ የሚቆርጥ ነው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ እዚያ ሰማዩ ወፍ ነው።

ገደሉ ጫፍ ላይ ብቻውን የሚኖር ጋሽ ክፍሌ የሚባል ሰው ነበር። ተከልሎ የሚቆየው የጓሳው ሣር ለአጨዳ ሲከፈት ድርሻውን አጭዶ ዓመቱን ሙሉ ገመድ እየገመደ ይሸጣል። ከአባባ ደምሴ ጋር አይነጋገሩም። ባለፈው ዓመት ሣሩ በተከለለበት ወቅት የአባባ በጎች ገብተው ሲበሉ አይቶ ለጓሳው ሽማግሌዎች ተናግሮባቸዋል፤ እሳቸውም በሕዝብ ፊት ተወቅሰዋል። ያን አልረሱለትም። እኔ ይሄን ሁሉ የማውቅ ብሆንም ጠዋት ጠዋት ገደሉ ዳር ስንጎራደድ ሲያየኝ እሱ ነው የጠራኝ።

"ወፍ የምታነሺው አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

"ትልቁን አይተሽዋል?"

አላየሁም ስለው ቀደመኝ። በእንብርክክ አስኬደኝ፤ ከዚያ በደረት። ከሸለቆው ማዶ፣ ፊት ለፊት፣ ድንጋዩ ውስጥ እንደ መደርደሪያ የገባ ቦታ ላይ የእንጨት ክምር አሳየኝ። ክምሩ ውስጥ አንድ ነጭ ለስላሳ ነገር ይንቀሳቀሳል።

"ጫጩቱ ነው" አለኝ በሹክሹክታ። "እናትና አባቱ ሽኮኮ ያድኑለታል። እንዳትነሺ፣ ድንጋይም እንዳትጥዪ። ከሸሹ ልጃቸውን ብርድ ይገድለዋል።"

ሦስት ጠዋት እዚያ ተኛሁ። ሦስተኛው ቀን ጋቢዬ ላይ አመዳይ ተጋግሮ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ፀሐይ ገና ከቆላው ወገን ስትወጣ ንስሩ ከታች፣ ከሸለቆው ውስጥ፣ ከእኔ በታች ተነሳ። ወፍን ሁልጊዜ ሆዱን ነው የምናየው፤ እኔ ያን ቀን ጀርባውን አየሁ! ከሰል የመሰለ ጥቁር፣ ትከሻው ላይ ሁለት ነጭ መስመር እንደ ጥልፍ። እግሩ ላይ አንድ ነጭ ነገር አንጠልጥሏል። ፊልሙ ላይ የቀረችኝ አራት ናት። ትንፋሼን አወጣሁ። አንድ። ዞረ። ሁለት። ክንፉን ወደ ኋላ ሰብሮ ጎጆው ላይ ሲያርፍ ሦስት። አራተኛውን ስጫን ጭጋጉ እንደ መጋረጃ ወረደና ሁሉም ጠፋ።  ያንጠለጠለውን ነገር ሽኮኮ ወይ ጥንቸል ነው ብዬ አለፍኩት። በዚያው ቀን ወደ ሞላሌ ተመለስን።

በሳምንቱ አባባ ደምሴ ለገበያ መጥተው እኛ ዘንድ አረፉ። ፊታቸው ጠቁሯል። እጃቸውን እያስታጠብኳቸው ሳለ ለወርቁ እንዲህ አሉት፦

"ሁለት ግልገል ጠፋብኝ። የመጨረሻው ከዚያች ከማውቃት በጌ የተወለደው ነው። ነጭ፣ የኋላ ቀኝ እግሩ ብቻ እስከ ጉልበቱ ጥቁር። የወሰደው ያ ገመደኛ ነው።"

"አይተውታል?" አለ ወርቁ።

"ማን አለ ሌላ እዚያ ገደል ላይ? እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ፊት ይቆማል። ካላመነ ይምላል፤ ሰውም ይለየዋል። ጓሳው ሲከፈትም ማጭዱን ይዞ አይገባም።"

ውሃ የምቀዳበት ጣሳ ከእጄ ወደቀ። ንስሩ ያንጠለጠለው ነጭ ነገር ትዝ አለኝ! ያልታጠበው ፊልም ካሜራው ውስጥ ነው፤ ገና አላወጣሁትም። በማግስቱ ጠዋት አባባ ገበያ ሲወጡ ጨለማው ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ፊልሙን አጠብኩ። ሲደርቅ አንስቼ ወደ ብርሃን አየሁት፤ በዚያ ፊልም ላይ ሁሉም ነገር ይገለበጣል፣ ነጩ ጥቁር ይሆናል፣ ጥቁሩ ነጭ። ንስሩ ነጭ ሆኖ፣ እግሩ ላይ ጥቁር ነገር ተንጠልጥሎ አየሁ። ከጥቁሩ ነገር አንዲት ነጭ መስመር ወርዳለች።

ወርቁን ጠራሁት። ሁለታችን በቀይ መብራት ሥር አጎነበስን። ወረቀቱን መጀመሪያው ሳህን ውስጥ ጣልኩት። መጀመሪያ ጥቁሩ ክንፍ መጣ። ከዚያ ነጩ ምልክት። ከዚያ የታጠፉት ጥፍሮች። ከጥፍሮቹ ሥር ትንሽ ነጭ ግልገል፣ አንገቱ ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ ሦስት እግሩ ነጭ፣ አንዱ እስከ ጉልበቱ ጥቁር። ፎቶውን ወደ አቼቶው አሻገርኩት። "አወጣሁት!" ብዬ ጮህኩ። በሕይወቴ ካነሳሁት ሁሉ የመጀመሪያው የጠራ ንስር ነው፤ ላባው አንድ በአንድ ይቆጠራል!

ወርቁ ግን አልጮኸም። "አስካለ" አለኝ፤ "ይሄን ሽማግሌ ፊት ስታቀርቢ የሚዋረደው አባቴ ነው። ምራታቸው ናት ያዋረደቻቸው ይባላል።"

"ባላቀርበውስ ጋሽ ክፍሌ ሌባ ሆኖ ሊኖር ነው?"

ወርቁ ፎቶውን ወደ መጨረሻው ሳህን አሻገረው። "መጀመሪያ ለራሳቸው አሳዪያቸው" ልበል ወይስ "እኔ አሳያቸዋለሁ" ልበል እያለ ሲያመነታ፣ "እኔ ነኝ ያነሳሁት፤ እኔው አሳያቸዋለሁ" አልኩት።

አባባ ከገበያ ሲመለሱ በር ላይ፣ ብርሃን ባለበት፣ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳቸው። ፎቶውን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። የመጀመሪያ ጊዜ ነው ዓይናቸውን ያየሁት።

"ምንድን ነው?"

"ከጥምቀት በኋላ ገደሉ ላይ ያነሳሁት ነው፣ አባባ።"

አዩት። "ሽኮኮ ነው" አሉ።

"ሽኮኮ ጥቁር እግር የለውም፣ አባባ።"

ፎቶውን ወደ ፊታቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ ወደ ፀሐይ አዞሩት። አውራ ጣታቸው የግልገሉ እግር ላይ ቆመ። ከዚያ ፎቶውን ደረታቸው ውስጥ ከተቱና "በርኖሴን አምጪልኝ" አሉኝ። ምሳም አልበሉ፤ ሄዱ። ወርቁ በር ላይ ቆሞ እስኪሰወሩ አያቸው። ሁለታችንም አንድ ነገር ነው የፈራነው፦ ፎቶው መንገድ ላይ ይቀደዳል። ፊልሙ እኔ ዘንድ አለ፤ ሌላ ማተም እችላለሁ። ግን በእሳቸው ላይ ማተም ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። 

እሁድ ሁለታችንም እዚያ ደረስን። ሁለተኛውን ፎቶ አትሜ በነጠላዬ ውስጥ ይዣለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሰዉ ለምዱን ለብሶ ዙሪያውን ቆሟል። ጋሽ ክፍሌ መሃል ላይ ብቻውን ነው፤ አጠገቡ የቆመ የለም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ "ከሳሽ ይናገር" አሉ። አባባ ደምሴ ተነሱ። እጄ ነጠላዬ ውስጥ ፎቶው ላይ ነው።

አባባ እጃቸውን ደረታቸው ውስጥ አስገብተው ፎቶውን አወጡ። ሄደው ሽማግሌዎቹ ፊት መሬት ላይ አስቀመጡት።

"ሌባው ይሄ ነው" አሉ። "ምራቴ ናት ያገኘችው። እኔ በሰው ስም ላይ ቆሜ ከርሜያለሁ። ፍረዱብኝ።"

ማን ዝም ይበል! ሰዉ እየተጋፋ ፎቶው ላይ ወደቀ። "እግሩን እዩት!" "እውነትም የደምሴ በግ ነው!" አንዱ ከኋላ "ሁለተኛውስ ግልገል?" ብሎ ጮኸ። አባባ ወደ ድምፁ ዞር አሉ፦ "አንዱን በእጁ ይዞት ያየሁት ሌባ እያለ ሁለተኛውን ከማን ልጠይቅ?" ወርቁ አጠገቤ ቆሞ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። እኔም ነጠላዬ ውስጥ ያለውን ፎቶ ጨምድጄዋለሁ።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና አባባ ለጋሽ ክፍሌ ካሳ እንዲክሱ ፈረዱ፤ የካሳውን ዓይነት ተበዳዩ ይናገር አሉ። ጋሽ ክፍሌ ግን ወደ ሽማግሌዎቹ አያይም። የሚያየው ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ ያደረጉ ሦስት ሰዎችን ነው፤ "አሁኑኑ ሄደን ጎጆውን እናፈርሰዋለን" እያሉ ነው። ያኔ ነው የገባኝ። ሰውየውን ያዳነው ፎቶዬ ንስሩን ሊያስገድለው ነው! 

"ካሳዬን ልናገር" አለ ጋሽ ክፍሌ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ሰዉ ለመስማት ጠጋ አለ። "ጫጩቱ እስኪበር ጎጆውን ማንም እንዳይነካው። ሌላ አልፈልግም።"

"እስከዚያ ሌላ ግልገል ቢወስድብኝስ?" አሉ አባባ።

"ግልገሎቹን እስኪጠነክሩ ደጅዎ ያቆዩዋቸው፣ ጋሽ ደምሴ። ሣሩን ከራሴ ማሳ ዳር አጭጄ እኔ አመጣልዎታለሁ።"

አባባ "ይሁን" አሉ። ከሽማግሌዎቹ ጎን መስቀል ይዘው የተቀመጡት መምሬ "ጸድቋል" አሉና ሁለቱን አሳለሟቸው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ከሰው ነው የሰማሁት። ጋሽ ክፍሌ በየጠዋቱ ሣር ተሸክሞ ይመጣል። አባባ መጀመሪያ ገደሉ ዳር የሚሄዱት ንስሩ ወደ በጎቻቸው እንዳይመጣ ሊጠብቁ ነበር። ቀጥሎ ጫጩቱ ምን እንደበላ ሊያዩ። ቀጥሎ ያለ ምክንያት። ወደ ዐቢይ ጾም ማብቂያ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ፎቶ ቤቱ በር ላይ ፍሬን ይዞ ቆመና አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "አባትህ ልከውኛል" አለው ወርቁን፤ "ልጁ ክንፉን እየመታ ነው፣ ምራቴ ቶሎ ትምጣ ብለዋል።" ወርቁ ግራ ገብቶት "የማን ልጅ?" አለ። እኔ ግን የገብስ ከረጢቴን ይዤ መኪናው ላይ ወጥቼ ነበር። ወርቁ ከመደርደሪያው ሙሉ ፊልም አውርዶ በመስኮት አቀበለኝ። የደንበኛ ፊልም ጭራ አይደለም፣ ሙሉ ሠላሳ ስድስት! እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችን ገደሉ ጫፍ ላይ በደረታችን ተኛን። እኔ መሃል፣ አባባ በቀኝ፣ ጋሽ ክፍሌ በግራ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ጫጩቱ አድጓል፤ ጭንቅላቱ ቡናማ፣ ክንፉ ሰፊ፣ ጎጆው ጠርዝ ላይ ቆሞ ነፋሱን ይሞክራል። ከፍ ይላል፣ ይወርዳል። እናቱ ከላይ ትዞራለች፤ ሽኮኮ ይዛ ታሳየዋለች፣ አትሰጠውም። እኔ ሁሉን አስተካክዬ ጣቴን አዘጋጅቻለሁ።

"አንዴ ልየው እስኪ" አሉ አባባ።

እምቢ አይባልም። አቀበልኳቸው። ዓይናቸውን አስጠጉና "ኧረ!" አሉ። "ኧረ፣ ዓይኑ!"

"አባባ፣ ሊበር ነው፤ ይስጡኝ ላንሳው።"

"ቆይ።"

"አባባ፣ አሁን ካላነሳሁት…"

"ቆይ አልኩሽ እኮ!"

ጫጩቱ ዘለለ። ዘለለና ጠፋ፤ እንደ ድንጋይ ወደ ታች ወረደ። አባባ "ወደቀ!" ብለው ጮኹ፤ ሌንሱን ይዘው ተከተሉት፤ "ወደቀ፣ ወደቀ፣ ኧረ ወደቀ!" ከዚያ ትንፋሻቸው ቆመ። "አልወደቀም! በረረ! በረረ እኮ!" እኔ ያኔ እጄን ዘረጋሁ፤ ይሰጡኛል ብዬ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ሳያነሱ በግራ እጃቸው ከጀርባዬ በላይ ተንጠራርተው የጋሽ ክፍሌን ለምድ ያዙና ጎተቱት።

"ክፍሌ! ና፣ ና እይ፣ ቶሎ!"

ካሜራውንም በራሴ ላይ አሳልፈው ለእሱ ሰጡት።

"አባባ" አልኳቸው፤ "ለምን አልተጫኑትም?"

"ምኑን?" አሉኝ።

ጋሽ ክፍሌም አልተጫነውም። አንዴ እሱ፣ አንዴ እሳቸው፣ "ወደ ቀኝ ዞሯል" "ኧረ ከፍ አለ" እየተባባሉ ሲቀባበሉ እኔ መሃላቸው ተኝቼ ቀና አልኩ። ንስሩ ከቆላው በሚነሳው ሙቅ አየር ላይ ወጥቶ ከእኛም በላይ ሆነ፤ ጥላው ሦስታችንም ላይ አለፈ። በባዶ ዓይኔ ነው ያየሁት።